አረንጓዴ ስብሰባና የደረሰኝ ጣጣ

ስብሰባ ማሰናዳት እንጀራዬ ነው። አዳራሽ እይዛለሁ፣ ምሳ አዛለሁ፣ ባነር አሳትማለሁ፣ በመጨረሻም አበል አስፈርማለሁ። የምኖረው ከተማው ጫፍ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ወደ መሀል ስወርድ በሲኤምሲ በኩል በ2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ትልቁን ኮንቬንሽን ማዕከል አልፋለሁ። በዚያው ዓመት ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ እዚያ ተካሂዷል። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ኮፕ 32 የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣል። ይኼ ከተሰማ ወዲህ ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎች ሁሉ አፋቸው አንድ ሆኗል፤ «ግሪን ይሁንልን።»

ይሁን። ግን ግሪን ሲሉኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ቦርሳ ነው። ፓርላማው ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ፎልደርና እስክሪብቶ በፌስታል ማደል አሳፋሪ ሆኗል። ስለዚህ ሎጎ ያለበት «የጨርቅ» ቦርሳ ይታዘዛል። አብዛኛው ጨርቅ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ያው ፕላስቲክ፣ ወፈር ያለ። ሌላው የሚወዱት ችግኝ መትከል ነው። በጥር! እንግዶቹ ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሚኒባስ ውስጥ ይገባሉ። ማን ውሃ እንደሚያጠጣ አጀንዳው ላይ የለም።

እርግጥ ከባሕር ማዶ እንግዳ የሚጠራ ጉባኤ ትልቁ ጭሱ የአውሮፕላኑ ነው። እሱ ከእኔ አቅም በላይ ነው። የእኔ ዝግጅቶች ትንንሽ ናቸው፤ አርባ ሃምሳ ሰው፣ ሁለት ቀን ሥልጠና። የእነዚህ «በረራ» በሚኒባስ ቢሾፍቱ መሄዱ ነው።

እዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። ሠልጣኙ ከአባዶና ከአያት፣ አሠልጣኙ ከሳሪስ፣ ሥልጠናው ሐይቅ ዳር። ከተማ ውስጥ ከሆነ የሚከፈለው የታክሲ ብቻ ነዋ! ከከተማ ሲወጣ ውሎ አበል አለ፣ አልጋ አለ። ደሞዙ ወር የማያደርሰው ሰው በዚያ አበል የልጁን ትምህርት ቤት ይከፍላል። «ለአካባቢው ሲባል ይቅርብህ» ብትሉት አይሰማችሁም፤ እኔም አልሰማም። ስለዚህ የኮንትራት ሚኒባሱንና የአልጋውን ወጪ ደመርኩና ሥልጠናው እዚሁ ሰፈራችን ይሁን፣ ከወጪው ከፊሉ ለሠልጣኞቹ የቀን አበል ይሁን ብዬ አሠሪዬን ጠየቅሁ። ተስማማ። ሰዉ እጅ የገባው ከቢሾፍቱው ብዙም አላነሰም። ያጉረመረመ አልነበረም። እሺ፣ አንድ ሰውዬ ዓሣው ናፍቋቸው ነበር።

ቦታው ሲገኝ ዕቃው ይቀራል። ዕቃው ደግሞ እድራችን ዕቃ ቤት ተቆልፎ ተቀምጧል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ ብረት ድስት፣ ሁሉም ተቆጥሮ መዝገብ ላይ የሰፈረ። አንድ ጊዜ ተበልቶበት የሚጣል ነገር አንድም የለበትም። የእድሩን ዳኛ ሄጄ አነጋገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ለሁለት ቀን ብታከራዩኝስ?»

«ማከራየቱ አይከፋም ልጄ። ለቅሶ ከመጣ ግን ስብሰባሽን አፍርሰን ነው ድንኳኑን የምንወስደው።»

«እሺ።»

«ብርጭቆ ከተሰበረም ትተኪያለሽ።»

ውሉ ላይ እንዲሁ ሰፈረ። አሠሪዬ የለቅሶውን አንቀጽ ሲያነብ ሳቀ፤ ግን ፈረመ። ባነሩም ላይ ቀንና ዓመት ማሳተም ትቻለሁ፤ ለሚቀጥለው ያገለግላል። የድሮዎቹን ለጉልት ሻጮች ሰጠኋቸው። አንዷ ጥላ አድርጋዋለች፤ ከቲማቲሙ በላይ «የምክክር መድረክ» የሚል ይነበባል።

ያስቸገረኝ ውሃው ነው። ግማሽ ሊትሯን ሃይላንድ ሁሉም ይከፍታታል፣ ሁለቴ ይጎነጫል፣ ከሻይ እረፍት ሲመለስ የቱ የእሱ እንደሆነ ይጠፋዋል። ሌላ ይከፍታል። ባዶውን ለቃሚዎች ይወስዱታል። ግማሽ የቀረው ግን ከምግብ ትራፊው ጋር ተደባልቆ ወደ ረጲ ይጫናል። መጋቢት 2009 ላይ ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የሞተበት ቆሼ ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጃር አስመጣሁ፣ ከእድሩ ብርጭቆ ጋር። ብርጭቆ ደግሞ መታጠብ አለበት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በማይመጣበት ቀን ሃምሳ ሰው ጠርቼ የጎረቤትን ሮቶ ካራቆትኩ ምኑን ለኅብረተሰቡ አሰብኩ? አይኤስኦ 20121 የሚባል የዝግጅቶች መመዘኛ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከለንደን ኦሊምፒክ ጋር የወጣ ነው። ዝግጅቱ የሚነካቸውን ሰዎች አስቀድማችሁ አነጋግሩ ይላል። እኛ ጋ የሚነካው ሰው ሦስተኛ ፎቅ በጄሪካን ውሃ የምታወጣው ጎረቤቴ ናት። አሁን ቀን የምቆርጠው ፈረቃውን አይቼ ነው፤ የክብር እንግዳው ቢያኮርፍም።

ምሳው ቀላል ነው። የጾም አዛለሁ። ከተቻለ አንደኛው ቀን ረቡዕ እንዲውል አደርጋለሁ፤ ዓርብም ይሆን ነበር፣ ግን የጁምአ ሰዓት አለ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላል። በፍስክ ቀን ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ሁለት አብሳይ፣ ሁለት ሰልፍ ነው፤ ለማንኛውም ተብሎ ሁለቱም ተትረፍርፎ ይታዘዛል፣ ብዙው ይተርፋል። ሥጋ ከጥራጥሬ ይልቅ አየሩን እንደሚጎዳ የሚያውቅ አሠሪ በዚህ ደስ ይለዋል። እኔ የሚያንገበግበኝ ትራፊው ነው።

ይኼ ሁሉ ተስተካክሎ ፋይናንስ ጋ ይደርሳል። ሦስት ፕሮፎርማ የታለ? ደረሰኙስ? እድር ያለው የራሱ ማኅተም ያረፈበት የገቢ ደረሰኝ ነው፤ ያንን አይቀበሉም። ብሎካችን ሥር ጀበና ይዛ የምትቀመጠዋ ደግሞ እሱም የላትም። ሆቴል ሁሉም አለው። ብሩ ከሰፈር አልፎ ሆቴል የሚገባው በዚች ወረቀት ነው። ግሪን ይሁንልን የሚሉኝ ድርጅቶች ቦርሳውን ትተው የግዢ መመሪያቸውን ቢከፍቱልኝ እወዳለሁ። የእድር ደረሰኝ እስከዚህ ብር ድረስ ይሠራል የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል። እስከዛሬ የእድሩን ኪራይ ያስኬድኩት በየጊዜው ልዩ ፈቃድ እየለመንኩ ነው፤ ፊርማ ለማግኘት ከሥልጠናው የረዘመ ጊዜ ይፈጃል።

ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ግን መመሪያ እስኪሻሻል አልጠበቁም። አራት ሆነው ተደራጁ፣ ቲን ነምበር አወጡ፣ ደረሰኝ አሳተሙ። ባለፈው ሥልጠና ሻይ ቡናውን ለእነሱ ሰጠሁ። ቆሎ፣ አምባሻ፣ ቡና በሲኒ። በላስቲክ የታሸገ ብስኩት አንድም አልነበረም። ዋጋው ግን ጨምሯል።

«እትዬ፣ ድሮ እኮ በዚህ አልነበረም» አልኳቸው ትልቋን።

«ድሮ ግብር አልከፍልም ነበራ!» አሉኝ።

ከፈልኩ።