ለንደን ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ ቀራፂ ፍለጋ

ዌስትሚኒስተር አቢ የሚባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው ውድ ነው። ሰልፉም አይጣል ነው። አብሮኝ የሄደው የአክስቴ ልጅ ለንደን ውስጥ ጠጉሩ እስኪሸብት ቢኖርም ውስጡን አይቶት አያውቅም። «ነገሥታት የሚነግሡበት ቤት ነው፤ እኔን ማን ጠራኝ?» ይላል። እኔ ደግሞ ንጉሥ ፍለጋ አልነበረም የሄድኩት። የምፈልገው ሉዊ ፍራንሷ ሩቢሊያክ የሚባል ቀራፂ የሠራቸውን ሐውልቶች ነው።

ሰውዬው የሊዮን ልጅ ነው። ፓሪስ ተምሮ በ1730ዎቹ ለንደን ገባ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሴንት ማርቲንስ ሌን በሚባለው ሰፈር ሱቁን ከፍቶ፣ የታወቁ ሰዎችን ፊት በሸክላና በእብነ በረድ ሲሠራ ኖረ። ጊዜው ሮኮኮ የነገሠበት ነው። ቀጥ ያለ መስመር እንደ ነውር የሚታይበት፣ ሁሉም ነገር የሚታጠፍበት፣ የሚጠማዘዝበት ዘመን። ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለውን ነገር መሥራት ደግሞ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ያመራነው በሰሜኑ ክንፍ ወዳለው የናይቲንጌል ቤተሰብ ሐውልት ነው። ጥግ ላይ ነው ያለው። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል። እኛ ግን ስናየው ቆመን ቀረን። ታች የመቃብር በር ተከፍቷል። ከውስጡ መግነዝ የለበሰ አፅም እየወጣ ነው። ሞት ነው። ጦሩን ወደ ላይ አነጣጥሯል። ላይ አንዲት ወጣት ሴት ባሏ ላይ ተዝለፍልፋለች። ባልየው በአንድ እጁ ደግፏታል፤ በሌላው ጦሩን ሊመክት እጁን ዘርግቷል።

የአክስቴ ልጅ አማተበ። «በስመ አብ! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ቅዱሳንን በሥዕል እያየን ያደግን ሰዎች ነን። መቅደስ አጠገብ አፅም ጦር ይዞ ሲወጣ ማየት ይከብዳል።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ሌዲ ኤልሳቤጥ ናይቲንጌል የሞተችው በ1731፣ በ27 ዓመቷ ነው። እርጉዝ ሳለች መብረቅ አስደንግጧት ያለጊዜዋ ወለደች፤ ከዚያ አልተነሣችም። ባሏ ጆሴፍ ከእሷ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ኖሯል። ሐውልቱ የተሠራው ልጃቸው በተወው ኑዛዜ ሲሆን የቆመው በ1761 ነው፤ እሷ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንድ ሌሊት አቢው ውስጥ የገባ ሌባ በጨረቃ ብርሃን ይህን አፅም ሲያይ ደንግጦ፣ በር መፈልቀቂያ ብረቱን ጥሎ ፈረጠጠ ይባላል። ብረቱም ለብዙ ዓመታት ሐውልቱ አጠገብ ለሰው ይታይ ነበር። እኔ ሌባውን አልፈርድበትም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አፅሙ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የባልየው እጅ ነው። ጣቶቹ ተዘርግተዋል። ጦርን በባዶ እጅ መመለስ እንደማይቻል ያውቃል፤ ግን ዘረጋው። ሌላው ሁሉ ቴአትር ነው ቢባል እንኳ ያ እጅ ቴአትር አይደለም።

ቴአትሩ ሲበዛ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ ጄኔራል ሃርግሬቭ መሄድ ነው። ፒራሚድ ይፈርሳል። ሽማግሌው ጄኔራል የትንሣኤ መለከት ሰምቶ ከመቃብሩ እየተነሣ ነው። በሰው አምሳል የተቀረጸው ጊዜ የሞትን ፍላጻ ይሰብራል። ሰውዬው የጂብራልታር ገዥ ነበር። ለአንድ ገዥ ይሄ ሁሉ ምጽአት በዛ! አሠራሩ ግን እጹብ ነው። የሚወድቁት ድንጋዮች አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ።

የጄኔራል ዌድ ሐውልት ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ አንገት ያማል። ሩቢሊያክ ራሱ እዚህ እየመጣ፣ ሥራዬን ሰው እንዳያየው አርቀው ሰቀሉብኝ እያለ ያለቅስ ነበር ይባላል። የአድሚራል ዋረን ፊት ላይ ደግሞ የፈንጣጣ ጠባሳ ይታያል። ልብ በሉ፤ ይህ ቤተሰብ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ሐውልት ነው። ፊቱን ማለስለስ ይቻል ነበር። እሱ ግን ጠባሳውን አንድ በአንድ ቀረጸው።

በደቡቡ ክንፍ የአርጋይል መስፍን አለ። አንዲት ሴት ምስል የመስፍኑን ማዕረግ ፒራሚዱ ላይ እየጻፈች ነው። «የአርጋይልና የግሪ...» ብላ ታቆማለች። የግሪንዊች መስፍንነቱን የሚወርስ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ማዕረጉ አብሮት ሞተ፤ ስለዚህ ጽሑፉም ተቋረጠ። ይህን ሳይ ሳቄ መጣ። የዘር ሐረግ መቋረጥን በዚህ መንገድ የነገረኝ ሰው የለም።

እዚያው ክንፍ ላይ የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል ቆሟል። በ1759 ሲሞት ለሐውልቱ እስከ 600 ፓውንድ እንዲወጣ ተናዞ ነበር። ፊቱ ከሞት ጭምብሉ፣ ማለትም ሲሞት ከፊቱ ላይ ከተቀዳው ቅርጽ፣ የተወሰደ ነው ይባላል። ፊቱ ወፍራም ነው፤ ደከም ያለ፣ ግን የነቃ። ፊት ለፊቱ የኖታ ወረቀት ተዘርግቷል። የተጻፈበት «የሚቤዠኝ ሕያው እንደ ሆነ አውቃለሁ» የሚለው መዝሙር ነው፤ ከመጽሐፈ ኢዮብ የተወሰደ። ሩቢሊያክ ይህን ሥራ ሲመረቅ አላየውም። ሐውልቱ የተገለጠው በ1762 ሐምሌ ላይ ነው፤ እሱ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሞቷል።

ከመውጣታችን በፊት የአክስቴ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታቦታችንስ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት እዚህ መሠዊያ ውስጥ ታሽጎ እንደኖረ የሚያውቅ ያውቃል። አቢው በ2024 ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን አስታውቋል። ለማንኛውም ለዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ መታየትም የለበትም። ቆመን ተሳልመን ወጣን።

ሃንደልን መጨረሻውን አይቼ መጀመሪያውን ለማየት ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሄድኩ። በነፃ ነው የሚገባው። ሩቢሊያክን በአንድ ጊዜ ያስጠራው ሥራ ያለው እዚህ ነው፦ በ1738 ለቮክስሆል መናፈሻ የሠራው ሃንደል። ቮክስሆል ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ሰው ከፍሎ እየገባ ሙዚቃ የሚሰማበት፣ የሚበላበትና የሚሽኮረመምበት መናፈሻ ነበር። ባለቤቱ ጆናታን ታየርስ ሙዚቃውን በየምሽቱ የሚያስመታለትን ሰው በእብነ በረድ አሠራ። ሃንደል ያኔ በሕይወት አለ። በዚያ ዘመን በአደባባይ የሚቆም እንዲህ ያለ ሐውልት የንጉሥ ወይም የጦር አዛዥ ድርሻ ነበር። ላልሞተ ሙዚቀኛ ማን ያቆማል?

የተቀመጠበት ሁኔታ ደግሞ ይብሳል። ዊግ የለም፤ የቤት ቆብ ነው ያደረገው። የሸሚዙ አንገት ተከፍቷል። እግሩን አነባብሯል። የተጫማው የቤት ጫማ ነው፤ እሱም በወጉ አልተጠለቀም። እጁ ግን የግሪኮችን የሙዚቃ አምላክ፣ የአፖሎን በገና ይመታል። አማልክቱ የሚመቱትን መሣሪያ ይዞ በቤት ጫማ! ብዙ ሰዓት ቆሜ ያየሁት ይህን ነው። ሩቢሊያክ ሰውን ከፍ ለማድረግ ልብሱን አላሳመረለትም። እንግዳ ሳይመጣበት ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደሚሠራ ሰው ነው ያሳየው። ቁልፎቹን፣ የጨርቁን እጥፋት፣ የቆቡን ልስላሴ ስታዩ ድንጋይ መሆኑ ይረሳል። ከአቢው ግዙፍ ሐውልቶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

እሱ ራሱ ግን በሥራው የሚረካ ሰው አልነበረም። በ1752 ሮም ሄዶ የጣሊያናዊውን ቀራፂ የበርኒኒን ሥራዎች አየ። ሲመለስ የራሱን ሐውልቶች አይቶ፣ የቀጠኑና የተራቡ ሆነው እንደታዩት፣ ከትንባሆ ፒፓ የተሠሩ እንደመሰሉት ተናገረ ይባላል። ሲሞት ደግሞ ዕዳ ነበረበት። የሱቁ ዕቃ በጨረታ ተሸጠ። ብሪቲሽ ሙዚየም ዛሬ ያሉት አንዳንድ የሸክላ ምስሎች ከዚያ ጨረታ የተገዙ ናቸው።

ወደ ካምብሪጅ የሚሄደው ባቡር የሚነሣው ከኪንግስ ክሮስ ነው። እግረ መንገዳችንን እዚያው አጠገብ ባለው ብሪቲሽ ላይብረሪ የሼክስፒርን ሐውልት አየን። በ1758 ተዋናዩ ዴቪድ ጋሪክ ለአትክልት ቦታው ያሠራው ነው። እብነ በረዱ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ደም ሥር አውጥቶ ጋሪክ ቅር ስላለው፣ ሩቢሊያክ ጭንቅላቱን ቆርጦ በሌላ ድንጋይ ተካው ይባላል። አቋቋሙ የተዋናይ ነው። ለኔ ከጸሐፊው ይልቅ ያሠራውን ሰው ይመስለኛል። ብዙም አልቆየንም።

ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ የጸሎት ቤቱ መግቢያ ላይ ግን አይዛክ ኒውተን ቆሟል። 1755። ኒውተን የሞተው በ1727፣ ሩቢሊያክ ለንደን ሳይገባ ነው። በአካል አላየውም፤ የሞት ጭምብሉ ግን እጁ ላይ ነበር። እዚህ ፒራሚድ የለም፤ አፅም የለም፤ የሚነፋ መለከት የለም። የኮሌጅ ካባ ለብሶ የቆመ ሰው ብቻ። እጁ ላይ ብርሃንን ወደ ቀለማት የሚበትነው ፕሪዝም አለ። ቀና ብሏል፤ ከንፈሩ ትንሽ ተከፍቷል። የሆነ ነገር ሊናገር ነው ወይም ገና እያሰበው ነው። የሮኮኮ ነገር የሚታየው ካባው ላይ ብቻ ነው፤ እጥፋቱ ሲወርድ ይወዛወዛል።

የአክስቴ ልጅ ዞሮ ዞሮ ከኋላም አየው። «ይሄኛው ማንንም አያስፈራም» አለ። ከዚያ የኒውተንን ጫማ ጎንበስ ብሎ ሲመረምር ዘበኛው ሳል አለ።