በከፍተኛ ሊግ እየተጫወትኩ ስታትስቲክስ የተማርኩበት መንገድ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሰዓት ነው። «ልምምዱም ክፍሉም በአንድ ቀን እንዴት ይገባልሃል?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ሰዓት አጥሮኝ አያውቅም። ተጫዋች ጠዋት ልምምዱን ሠርቶ፣ ሻወር ወስዶ ምሳውን ከበላ ቀኑ የራሱ ነው። አብዛኛው ከሰዓቱን ጋደም ብሎ ስልክ ሲነካካ ይውላል። እኔን ያስቸገረኝ ቦታው ነው፤ ክፍሉ ጎንደር፣ ቡድኑ ለውድድር ሌላ ከተማ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2012 ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ ፕሪሚየር ሊጉም ቆሞ በኋላ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ስንመለስ ቴዎድሮስ ግቢ ስታትስቲክስ ደረሰኝ። በ2013 ደግሞ አፄዎቹ የሚባለው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። ያን ሰሞን ጎንደር ፒያሳ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ አፄዎቹን ያየ ልጅ ኳስ አቁም ቢሉት አይሰማም። በ2014 አንድ የከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው) ክለብ በግራ መስመር ተከላካይነት አስፈረመኝ። (ስሙን ተዉት፤ እስካሁን ያልከፈለን ደመወዝ አለ።)

ውድድሩ እንደ ድሮው በደርሶ መልስ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ግማሹን ጨዋታ በሜዳህ ትጫወታለህ፣ ለሌላው ቅዳሜ ወጥተህ ሰኞ ወይ ማክሰኞ ክፍል ትገባለህ። ግን ከ2013 ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በአንድ ከተማ እየተሰባሰቡ ነው የሚጫወቱት፤ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተፈራረቁበት። የእኛም ሊግ በምድብ ተከፍሎ እንደዚያው ነበር። ለቴሌቪዥንም ለክለብ ወጪም ይመች ይሆናል፤ ለተማሪ ግን ከቤት ወጥቶ ለሳምንታት ሆቴል መኖር ማለት ነው። ደብተርህን ይዘህ ብትሄድም አቴንዳንሱን ይዘህ አትሄድም።

ስለዚህ ነው በውጭ ምሳሌ ቶሎ የማልጽናናው። እንግሊዛዊው ተጫዋች ስቲቭ ኮፔል ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ እየተማረ ለትራንሜር ሮቨርስ ይጫወት ነበር ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ትራንሜር ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ በ1975 ማንቸስተር ዩናይትድ ሲወስደውም የሄደው ጎረቤት ከተማ ነው። ብራዚላዊው ሶክራቴስም ሕክምና ያጠናው ሪቤራው ፕሬቶ ነው፤ ያኔ የሚጫወትለት ቦታፎጎም እዚያው ከተማ ያለው ነው። ወደ ኮሪንቲያንስ የተሻገረው በኋላ በ1978 ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አልካድኩም። ግን አንዳቸውም ፈተናው ጎንደር ሆኖ ጨዋታው የአገሩ ሌላ ጫፍ አልሆነባቸውም። ከኮፔል የወሰድኩት ሌላውን ነው፤ ጉልበቱ ተጎድቶ በ28 ዓመቱ ጫማውን ሲሰቅል ዲግሪው በእጁ ነበር።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ኮርሶች ለሆቴል እኩል እንደማይመቹ ገብቶኛል። በእጅ የሚሠራ ሁሉ ይሠራል። ፕሮባቢሊቲ፣ ኢንፈረንስ (ከናሙና ተነስቶ ስለ ሁሉም መደምደም)፣ ሳምፕሊንግ (ናሙና አወሳሰድ)... ወረቀትና ካልኩሌተር ካለህ አውቶብስ ላይም ይሄዳል። ዕድል የሚነበብበት የዜድ ሠንጠረዥ ፎቶ ኮፒ ሻንጣዬ ውስጥ ከካልሲና ከታኬታ ጋር አብሮ ይዞር ነበር፤ የጡንቻ ቅባት ፈሶበት 1.96 ያለበት መስመር ቢጫ ሆኖ ቀረ። በኮምፒውተር የሚሠሩት፣ በተለይ አር በሚባለው ሶፍትዌር የምንሠራቸው፣ ግን አልሆኑልኝም። ላፕቶፕ የለኝ፣ ዋይፋዩ ይቆራረጣል፣ ኮዱ «ኤረር» ሲልህ አጠገብህ የምትጠይቀው ሰው የለም። እነሱን ጎንደር ለምሆንበት ሴሚስተር አስቀረኋቸው። አንዱ ኮርስ የሌላው ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ ሁሌ አይቻልም፤ ስትመዘገቡ ግን የውድድሩን ፕሮግራም ከኮርስ ዝርዝሩ ጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ለጓደኞቼ ማስረዳት ነው። በፕሮፌሽናል ኳስ ከአራት ፍጹም ቅጣት ምት ሦስቱ ገደማ ይገባሉ። አንድ ማታ አብሮኝ የሚያድረውን በረኛችንን «አምስት መቺ ቢመጣብህ አምስቱም የማስቆጠር ዕድላቸው ስንት ነው?» አልኩት።

«ሰባ አምስት በመቶ ነዋ!»

አምስት 0.75 ደርድረን እርስ በርስ አባዛንለት፤ 24 በመቶ ገደማ ወጣ። «እና ከአራት አንዴ ብቻ ነው አምስቱም የሚገቡብኝ? ታዲያ ምን ያስጨንቀኛል!» ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። ይህ የሚሠራው አንዱ ምት ሌላውን የማይነካው ከሆነ ነው ስለው ግን ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! የመጀመሪያው ከሳተ የሁለተኛው እግር አይንቀጠቀጥም?» ኢንዲፔንደንስ የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ የገባኝ ያን ማታ ነው። ቡድኑ ውስጥ «ፕሮፌሰር» የሚለው ስም የወጣልኝም በሱ ጦስ ነው።

በጨዋታ ዋዜማ ማንበብ ትቼ ነበር፤ ዓይን ያያል እንጂ አይያዝም። ከጨዋታ በኋላ ያለው ሌሊት ግን ይገርማል። ሰውነት ሞቶ ጭንቅላት አይተኛም። ያን ሌሊት አዲስ ነገር መጀመር አይሆንም፣ የተሠራ ጥያቄ መገልበጥ ግን ይሆናል።

አንድ ነገር ላጥብቅ፤ ሴሚስተሩ እንደማይሆን ካወቃችሁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ በቅጽ አቋርጡ። ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ ኤፍ ይከመርበታል፤ በወጉ ያቋረጠ ግን ሪአድሚሽን (ተመልሶ ለመግባት) ማመልከት ይችላል። እኔ አንዱን ሴሚስተር እንደዚያ አድርጌ ነው የተረፍኩት። ክለብ ስትፈርሙም ለፋይናል ፈተና ሳምንት ፈቃድ እንደሚሰጣችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። አሰልጣኙ «ችግር የለም» ቢላችሁም አሰልጣኝ በመሃል ይሰናበታል።

ኳሱ ሁለት የውድድር ዘመን ቆየ። የኋላ ጭን ጡንቻዬ እየተመላለሰ ይይዘኝ ጀመር፣ ውሌ ሲያልቅ ያናገረኝ አልነበረም። ተከፍቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን መውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ግዴታ ሆኖ ነበርና ለመከፋትም ብዙ ጊዜ አልሰጠኝም። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ የሚጠየቀው ግን ከተለያየ ዓመት የተመረጡ ዋና ዋና ኮርሶች ነው። በሆቴል የሠራኋቸው የእጅ ጥያቄዎች እዚያ ላይ ደረሱልኝ፣ አር ላይ የተመሠረቱት አንገላቱኝ። በ2016 አለፍኩ።

አሁን ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፤ ሐሳቤ እዚሁ ሕክምና ኮሌጅ ባዮስታትስቲክስ (የጤና ስታትስቲክስ) መቀጠል ነው። እሁድ እሁድ ከሰፈር ልጆች ጋር እጫወታለሁ፣ ግራ መስመር ሳይሆን መሃል፤ ሩጫው ይቀላል። በቀጣዩ ጽሑፍ አርን ያለ ኢንተርኔት በስንት መከራ እንደተለማመድኩት እመለስበታለሁ። ቴዎድሮስ ግቢ ያላችሁ የኢንፈረንስ ወርክሺት የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ ፎቶ ኮፒው የራሳችሁ ነው።