ኮናንን ልታነቡ ካሰባችሁ «ቅጽ 1» ከሚለው አትጀምሩ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

የጎራዴና የአስማት ታሪክ ነፍሴ ነው። ኮናን ደግሞ ሮበርት ሃዋርድ የፈጠረው የዚህ ዘውግ ባለ ጎራዴ ጀግና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መጻሕፍቱን ፈልጌ ስላጣሁ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ያገለገሉ ቅጂዎችን በኢንተርኔት ገዝታ በሰው ላከችልኝ። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

ሻጩ «ሙሉ ስብስብ፣ ደራሲው እንደጻፈው» ብሎ ነው የለጠፈው። ሽፋኖቹስ ልብ ይሰርቃሉ። አንዱ ላይ የሠዓሊው ፍራንክ ፍራዜታ የ1966 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ) ሥዕል አለ። ኮናን የሬሳ ክምር ላይ ቆሟል፤ እጁን ጎራዴው ላይ አሳርፏል፤ አንዲት ሴት እግሩ ላይ ተጠምጥማለች። ለዚህ ሥዕል ብቻ ብገዛውም አይቆጨኝም።

ውስጡ ግን ሌላ ነው። ሮበርት ሃዋርድ የቴክሳስ ሰው ነበር፤ በ1936 ገና በ30 ዓመቱ ሞተ። ከዓመታት በኋላ ስፕራግ ዴ ካምፕ የተባለ ደራሲ ጽሑፎቹን ነካካቸው። ኮናን የሌለባቸውን ታሪኮች ሳይቀር የኮናን አደረጋቸው። ሊን ካርተር ከተባለ ሌላ ደራሲ ጋር ደግሞ አዳዲስ ጨመሩበት። ከዚያ ሁሉም ከኮናን ወጣትነት እስከ ሽምግልናው ተደርድሮ ቁጥር ተሰጠው። አትጀምሩበት ያልኩት «ቅጽ 1» የዚህ ስብስብ ነው።

«ጥቁሩ እንግዳ» የሚለውን ታሪክ ውሰዱ። ሃዋርድ ሲጨርሰው ኮናን የያዘውን ሩቢ ለአንዲት ችግረኛ ሴት ሰጥቶ ወደ ባሕር ሽፍትነቱ ይመለሳል። መርከብና ሰው ካገኘ ሌላ አይፈልግም። በተነካካው ቅጂ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ ንግሥና መንደርደሪያ ሆነ። ያ ግድ የለሽ ልግስና ኃይሉን አጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ ደሜ ፈላ።

እህቴ ለሻጩ ጻፈችለት። «ሽፋኑ ላይ የሃዋርድ ስም አለ አይደል?» ብሎ መለሰ። ብሩንም አልመለሰ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከ2003 ጀምሮ በሦስት ቅጽ የወጣውን ፈልጉ። ጽሑፉ ከሃዋርድ የታይፕ ረቂቆችና ታሪኮቹ መጀመሪያ ከወጡበት ዊርድ ቴልስ መጽሔት ጋር እየተመሳከረ የተዘጋጀ ነው፤ ቅደም ተከተሉም እሱ የጻፈበት ነው። አንዳንዶች «በኮናን ዕድሜ ካልተነበበ ግራ ያጋባል» ይላሉ። አልስማማም። ሃዋርድ ራሱ በደብዳቤው፣ ጀብደኛ ሰው ገጠመኙን ሲያወራ በቅደም ተከተል አያወራም ብሏል።

መጀመሪያ በመጋቢት 1933 ዊርድ ቴልስ ላይ የወጣውን «የዝሆኑ ግንብ» አንብቡ። ኮናን ዕንቁ ሊሰርቅ ግንቡን ይወጣል። ላይ የሚያገኘው ግን ዓይኑ የጠፋ፣ በስቃይ የደቀቀ፣ የዝሆን ራስ ያለው ፍጡር ነው። ያ ጨካኝ ሌባ የሰው ዘር በደል ሁሉ እሱ ላይ የተጫነ ይመስለዋል። ኮናንን ጡንቻ ብቻ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ይህን ገጽ አላነበቡትም።

ቀጥላችሁ ደራሲዋን ሲ. ኤል. ሙርን አንብቡ። በ1934 ጂረል የምትባል ባለ ጎራዴ ሴት ፈጥራለች። የመጽሔቱን ሠዓሊዎችም አትለፏቸው። ማርጋሬት ብሩንዴጅ ሽፋኖቹን በፓስቴል ትሥል ነበር። ቨርጂል ፊንሌይ በቀለም ነጠብጣብ ጥላና ብርሃን ያወጣል፤ በማጉያ መነጽር እዩት።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሃዋርድም፣ በዚያው መጽሔት አስፈሪ ታሪክ ይጽፍ የነበረው ላቭክራፍትም ጥቁር ሰውን የሚያሳዩበት መንገድ ብዙ ቦታ ያማል። «ዘመኑ ነው» ብዬ አላልፈውም፤ እናንተም አትለፉት። ደራሲው ቻርልስ ሳውንደርስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ይህን ዘውግ እየወደደ ይህን ጉድለቱን አይቷል። በ1981 ኢማሮ የተባለ አፍሪካዊ ጀግና ያለበትን ልብ ወለድ ይዞ መጣ። ከሃዋርድ ጎን እሱን አስቀምጡ።