«ወረራ» የሚለውን ቃል ከደብተሬ የሰረዝኩበት ወር

የጦርነት ሕግን በግሌ ማንበብ ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። እንደምታውቁት የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ማታ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት እሰጠዋለሁ፣ እንቅልፍ ካልቀደመኝ። ባለፈው የነገርኳችሁ ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር አሁንም አለ። በግራ አንቀጹን፣ በቀኝ ደግሞ በተግባር ምን እንደሚመስል እጽፋለሁ። በዚህ ወር የቀኙን ዓምድ ግማሽ ያህል ሰረዝኩት።

ስህተቱ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። «ወረራ» በአማርኛችን ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ጦር ድንበር ጥሶ መግባቱንም፣ ገብቶ መቀመጡንም። «የአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ» ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው። በዚያ ላይ ቃሉ ፍርድ አዝሏል፤ ወራሪ የተባለ ሁሉ በዳይ ነው። የ1907ቱ የሄግ ደንብ (የየብስ ጦርነት የሚመራበት ዓለም አቀፍ ሕግ) አንቀጽ 42 ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ግዛቱ በእርግጥ በጠላት ሠራዊት ሥልጣን ሥር ወድቋል ወይ? ጦርነቱን ማን ጀመረው፣ መሬቱስ የማን ነው የሚለው ክርክር የሌላ ችሎት ጉዳይ ነው። ስለዚህ አሁን «በጠላት ጦር የተያዘ ግዛት» እያልኩ እጽፋለሁ። ይረዝማል፤ ግን አያሳስትም።

ይህ የገባኝ የሁለቱን አገሮች ጦርነት ጉዳት የመረመረውን የኤርትራና የኢትዮጵያን የካሳ ኮሚሽን ውሳኔዎች ሳነብ ነው። ኮሚሽኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመ የግልግል ችሎት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ማዕከላዊውን ግንባር የሚመለከቱት ሁለት ውሳኔዎች፣ አንዱ በኢትዮጵያ አንዱ በኤርትራ ክስ ላይ፣ የወጡት በአንድ ቀን ነው፤ ኤፕሪል 28 ቀን 2004። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ ኳስ ደጋፊ ነበር። ኤርትራ በዛላምበሳ ለደረሰው ዘረፋና ለከተማዋ ሕንጻዎች ሦስት አራተኛ መፍረስ ተጠያቂ የተባለችበትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኢትዮጵያ የኤርትራን ከተማ ሰንዓፈን ይዛ በነበረችበት ጊዜ ለተፈጸመው ዘረፋ የተጠየቀችበትን ግን በዓይኔ ዳሰስ አድርጌ አለፍኩት። በሦስተኛው ምሽት ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ አፈርኩ፤ ሕጉ ያው አንድ ሕግ ነው።

ከሁሉም የያዘኝ የመጠራ ሐውልት ነው። ሰንዓፈ አጠገብ የቆመ፣ አናቱ ላይ ጨረቃና ፀሐይ የተቀረጸበት፣ አናባቢ ምልክት በሌለው በጥንቱ ግዕዝ የተጻፈበት ድንጋይ። በሜይ 2000 መጨረሻ አካባቢው በኢትዮጵያ ጦር እጅ ሳለ፣ ከሥሩ ፈንጂ ተቀብሮ ተጣለ። ኮሚሽኑ ድርጊቱ ከጥቂት ወታደሮች በቀር የሌላ ሰው ውሳኔ ስለመሆኑ ማስረጃ አላገኘም። ቢሆንም ቦታውን የያዘው ኃይል ኢትዮጵያ ስለነበረች ተጠያቂ አደረጋት፤ ኋላም 50,000 ዶላር ካሳ ወሰነ። የእኛኑ ፊደል አያት የተሸከመ ድንጋይ በእኛው ጦር እጅ ሳለ ወደቀ። የግራው ዓምድ ላይ ስለ ታሪካዊ ሐውልቶች የሚናገረውን የሄግ ደንብ አንቀጽ 56 ጻፍኩ፤ በቀኙ ግን ረዘም ላለ ጊዜ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ኢትዮጵያ በክርክሩ የይገባኛል ጥያቄ ያለበት መሬት እንዴት «የተያዘ» ይባላል የሚል ሐሳብም አንስታ ነበር። ኮሚሽኑ አልተቀበለውም። ቢቀበለው ኖሮ ድንበሩ እስኪለይ ድረስ በዚያ የሚኖረው ገበሬ ያለ ጥበቃ ይቀር ነበር።

የከበደኝ የጊዜው ነገር ነው። ኮሚሽኑ ውጊያ በሌለበት፣ የጠላት ጦር ለጥቂት ቀናት ብቻ በተቆጣጠረው ስፍራም ቢሆን የተያዘ ግዛት ደንቦች ሊሠሩ ይገባል ይላል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ግን በኮንጎና በኡጋንዳ ጉዳይ በዲሴምበር 2005 ሲወስን ጠበቅ አደረገው፤ ወታደር መስፈሩ ብቻ አይበቃም፣ የገባው ኃይል የራሱን ሥልጣን በባለቤቱ መንግሥት ሥልጣን ቦታ መተካት አለበት አለ። በዚህ መለኪያ የኮንጎው የኢቱሪ አካባቢ የተያዘ ግዛት ሆነ፤ የኡጋንዳ ወታደሮች የነበሩበት የኪሳንጋኒ አውሮፕላን ማረፊያ ግን አልሆነም። እኔ ወደ ኮሚሽኑ አዘነብላለሁ። ቤቱ የሚዘረፍ ሰው ዘራፊው ቢሮ እስኪከፍት መጠበቅ የለበትም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ የባሰ ነው፤ ጭራሽ ወታደር ሳይሰፍርበት የቆየ ቦታ፣ እስከ 2023 የነበረው ጋዛ። እስራኤል በ2005 ጦሯን ከጋዛ አስወጣች። ያው ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 በሰጠው የምክር አስተያየት ግን በተያዘ ግዛት ደንቦች ያለባት ግዴታ በቀራት ቁጥጥር መጠን እንደሚቀጥል ተናገረ። ግዴታ በመጠን ሲሰፈር ስፍሩ ምንድን ነው? በግራው ዓምድ እንደገና አንቀጽ 42ን ጽፌያለሁ። በቀኙ እስካሁን ያለው «ሰማዩ? ባሕሩ? መግቢያ በሮቹ?» የሚል ብቻ ነው።