ለእንቁጣጣሽ ባሕር ዳር ለምትመጡም ለማትመጡም

እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ጳጉሜ ከገባች ጀምሮ ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ከባሕር ማዶም የሚደርሰኝ መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሰላምታው በሁለት መስመር ያልቅና "ለመሆኑ የት እንብላ? የት እንጠጣ? ምን እንግዛ?" ይመጣል። ለእያንዳንዳችሁ መመለሱ ሰልችቶኛል፤ ወሬው ደግሞ ይጣፍጠኛል። ስለዚህ የዘንድሮው የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቴ ይኸው ይሁን።

አቋሜን አስቀድሜ ላስታውቅ፣ በኋላ እንዳንቀያየም። ባሕር ዳር ላይ ጥሩ መብላትና ጥሩ መጠጣት የፈለገ ሰው ለጣና ጀርባውን መስጠት አለበት። ሐይቁ ዳር ያለ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ሐይቁን ነው፤ ማኪያቶው ምርቃት ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋውን ውኃ በአንድ ስኒ ሒሳብ ላይ ሊጭኑባችሁ ይሞክራሉ። ባለፈው ፋሲካ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ቤት እንግዳ ይዤ ሄድኩ። ቡናው ቀዝቅዞ መጣ፤ አስተናጋጁ ደብዛው ጠፋ፤ ሒሳቡ ብቻ በሰዓቱ ደረሰ። እንግዳዬ ግን "እይታው እኮ!" ብላ ተከላከለችላቸው። እይታውንማ የሠራው እግዜር ነው፤ ለባለቤቱ ምን በወጣን ጉርሻ እንሰጥበታለን?

ማየት ከሆነ በነፃ እዩ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አመሻሽ ላይ በእግራችሁ ተሻገሩት፤ 380 ሜትር ነው፣ እያወጋችሁ ያልቃል። ከሥራችሁ የሚያልፈው ዓባይ ከጣና ገና መውጣቱ ነው፤ መስከረም ላይ ደግሞ የክረምቱን ውኃ ሁሉ ይዞ ደፍርሶና ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ጉልበት ያለው ቤዛዊት ይውጣ፤ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ላይ ወንዙ ሲጠማዘዝ ይታያል። በዘንባባው ጥላ ሥር ሐይቁን ይዞ መሄድም አለ። ዓይናችሁን ካጠገባችሁ በኋላ ወደ ውስጥ ግቡ፤ ሆድ የሚጠግበው እዚያ ነው።

በቡና ልጀምር። ከሰዓት በኋላ ከጊዮርጊስ ጀርባ ወዳሉት ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ብትገቡ በየበሩ አንድ ረከቦት፣ አራት አምስት ዱካ፣ ከላይ ሸራ ወይም የማንጎ ዛፍ ታገኛላችሁ። እኔ የምቀመጥባቸው እናት ቡናውን ዓይናችሁ እያየ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ ብረት ምጣዱ ላይ ይደፋሉ። እያመሱ እጃቸው አያርፍም፤ ወሬያቸውም አያርፍም። ፍሬው ጠቁሮ ወዝ ወዝ ሲለው ያነሱትና ምጣዱን ይዘው በየተራ ወደ እያንዳንዳችን ያዞሩታል፤ ጢሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን እንስበዋለን። ጀበናውን ማቶት ላይ አስደግፈው ዝቃጩ እስኪረጋ ይጠብቃሉ፤ እኛም እንጠብቃለን። አንዱ ጎረምሳ ሰዓቱን ደጋግሞ ቢያይ "ልጄ፣ ከቸኮልክስ ማኪያቶ ጠጣ" ይሉታል፣ ሳይቆጡ። ስኒው ላይ ጤና አዳም ጣል ያደርጉበታል። አቦሉን ጠጥቶ የሚነሣ ሰው ይታዘቡታል፤ በረካን ሳይጠብቅ የሚሄድማ ሁለተኛ ሲመጣ ዱካ የሚያገኘው መጨረሻ ነው።

የጀበና ቡና መምረጫዬ ቀላል ነው። የምታፈላዋ ሴት ለራሷ ቀድታ የምትጠጣበት ቦታ ተቀመጡ። ለደንበኛ ብቻ የሚቀዳ ቡና አላምንም። በስኳሩም ቢሆን "ልጨምር?" ብላ የምትጠይቅ እንጂ ሳትጠየቅ ሦስት ማንኪያ የምትገለብጥ አትሁን።

ማኪያቶ ወዳጆች አትቀየሙኝ፤ እናንተንም አልረሳሁም። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ጥሩ የሚያወጡ ቤቶች አሉ፤ ጠዋት ሥራ ገቢው ተሰልፎ የሚጠጣበትን እዩና ግቡ። ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ዘርግቶ በአንድ ሻይ የሚውል ወጣት የማያባርሩትን ቤቶች ደግሞ አከብራቸዋለሁ። ኬኩን ግን ተዉት፤ በበዓል ሰሞን ማን መቼ እንደጋገረው አይታወቅም።

ርካሽና ሞቅ ያለ ምሳ የፈለገ ወደ ተማሪዎቹ ይሂድ። ፖሊ፣ ማለት ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከተከፈተበት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ይህች ከተማ ተማሪ ስታበላ ኖራለች። በ1992 ዓ.ም. ፖሊና የመምህራን ኮሌጁ ፔዳ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ደግሞ አፉ በዛ። በሁለቱ ግቢዎች ዙሪያ ያሉት ሽሮ ቤቶች ተማሪ የሚባል የማይምር ፈራጅ አለባቸው፤ ሽሮው የቀጠነበት ቤት ወሬው ሳይመሽ ዶርም ይደርሳል። ችግሩ በበዓል ተማሪው ወደየቤተሰቡ ስለሚበተን ግማሾቹ ይዘጋሉ። ክፍት ካገኛችሁ ተጋቢኖውን እዘዙና ስፕሪሱን አስከትሉ፤ ከላይ ሎሚ ጠብ ይደረግበት።

ዓሣ ላይ ስደርስ አቋሜን ትንሽ ላላ ማድረጌ አይቀርም፤ ዓሣው የሚወርደው ሐይቁ ዳር ነዋ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ሂዱና እዩ። የሚያርዱት ልጆች ቢላቸውን ከጭራ ወደ ራስ አንድ ጊዜ ሰድደው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲገፉት፣ በሌላ እጃቸው ቆዳውን ሲያወልቁት፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ከጓደኛቸው ጋር ስለ ኳስ ይከራከራሉ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ጡረታ የወጣ ዳኛ መስለው ዙሪያውን ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ከዚያ ወጣ ብለው ካሉት ትንንሽ ቤቶች አንዱ ጋ ተቀምጣችሁ ሙሉ ዓሣ እዘዙ። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ጥርስ ላይ ሲሰበር ድምፅ እስኪያሰማ የተጠበሰ ይሁን። ዳጣና ሎሚ ካለው ሌላ አትጠይቁ። ሹካ ከሰጧችሁ ቤቱ ለቱሪስት ነው ማለት ነው። ጉላሹም ለብለቡም ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን ዓሣ በእጅ ካልተፈለፈለ ዓሣ አይመስለኝም።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ ጠይቁ። ቆሮሶ ከሆነ በደስታ ብሉ። አምባዛም ለሚወደው አለ። ነጭ ዓሣ የምንለውን ግን በዚህ ሰሞን እለፉት። ከ15 በላይ ዝርያ ያለው ይህ ዓሣ አብዛኛው ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ሌሎቹም ገባር ወንዞች የሚወጣው ደግሞ ልክ በዚህ ጊዜ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቀው ሰው የሚይዘው እናቲቱን ከነልጆቿ ነው። ቁጥሩ የመነመነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እኛ ካላዘዝነው ለማን ይሸጠዋል? ደግሞ እሾኹ ብዙ ነው፤ ለበዓል ማን ከእሾኽ ጋር ይታገላል?

ቅዱስ ዮሐንስ ረቡዕ ወይም ዓርብ የዋለ እንደሆነ ጾሙ አይሻርምና የዓሣ ቤቶቹ ወንበር አይገኝባቸውም። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ጠረጴዛው ላይ አታንሡ ብዬ ብመክራችሁ ደስ ይለኛል። አያቴ ዓሣ በጾም በልቶ የመጣ ሰው እጇን አይስምም ነበር፤ አጎቴ ደግሞ ያለ ዓሣ ጾም አይጾምም። ሁለቱም በአንድ ቤት ኖረዋል።

ለመግዛት ቅዳሜ ገበያ። ሌላ አልነግራችሁም። ስሙ ቅዳሜ ቢሆንም በዋዜማው ሳምንት ቀኑ ሁሉ ቅዳሜ ነው። ዶሮ ስትገዙ በላባው አትታለሉ፤ ክንፉን ይዛችሁ ደረቱን ዳብሱት፣ አጥንቱ እንደ ምላጭ ከተሰማችሁ መልሱት። ቅቤው ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ በበዓል ሰሞን ሙዝም ሌላም የተደባለቀበት ይወጣል። ለጋውን ከእጃችሁ ጀርባ ላይ ቅቡና አሽቱት፤ የምትሸጠዋ እመቤት ከልቧ ከሆነ ራሷ "ቅመሽው፣ ቅመሰው" ትላለች። ፊቷን ካዞረች እናንተም አዙሩ። ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ዛሬ ብነግራችሁ ነገ ታሳፍሩኛላችሁ።

የስጦታ ዕቃ ለምትሉት፣ ከደንገል የተሠራችውን ትንሽዬ ታንኳ ከሆቴል ሱቅ አትግዙ። ታንኳን ከደንገል መሥራት የነገደ ወይጦዎች እጅ ሥራ ነው፤ ሐይቁ ዳር ሲሠሩ ታገኟቸዋላችሁ። ከእነሱ ከእጃቸው ግዙ፣ ብሩም እጃቸው ይግባ። ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የምትሻገሩ ደግሞ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም ከተሳለማችሁ በኋላ ስትመለሱ ቡናውን አትርሱ። ከጥንት በቆየ ሥርዓት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ሰዉ የኖረው በደን ጥላ ሥር ባለ ቡናና በጌሾ ነው። ጥሬውን ግዙና ቤታችሁ ቁሉት። ይርጋ ጨፌን ለለመደ ምላስ ከበድ ይላል። እኔ ግን ከየትኛውም አላስበልጥበትም፤ በዚህ ፍርድ አድሏዊ ነኝ፣ ይግባኝ የለውም።

ምሽቱን በሚመለከት፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ምሽታችን አጥሯል። ለምን እንደሆነ ሁላችንም ስለምናውቀው በበዓል መልእክት አልዘረዝረውም። ብቻ ቀድሞ አራት ሰዓት ላይ "ገና ነው" ይባልበት የነበረ ቤት ዛሬ ወንበር ይገለብጣል፤ ባጃጁም በጊዜ ይሰወራል። ስለዚህ በጊዜ ውጡ፣ በጊዜ ግቡ። ድራፍት ቤቶቹን እናንተው ታውቋቸዋላችሁ፤ ጃምቦ የትም ጃምቦ ነው። የባሕር ዳር ልዩነት ጠላና ጠጁ ላይ ነው። ጠላው የዳጉሳ ከሆነ ጥቁርና ወፈር ያለ ነው፤ ከጣሳ ሁለተኛውን ስትጠጡ ጌሾው ምላሳችሁን ያዝ ያደርገዋል። ቤቱን የምታውቁት ደጃፉ ላይ በተሰቀለው ጣሳ ነው። ጠጅ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ብርሌውን በብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ጠጁ ቢደፈርስ ምንም አይደል፤ ማር ማር ሳይል ስኳር ስኳር የሚል ግን ራስ ምታቱን ለማግሥቱ ያቆያል።

አዝማሪ ቤት ስትገቡ ከፊት ወንበር ከተቀመጣችሁ ተዘጋጁ። ማሲንቆውን ይዞ መጥቶ ስማችሁን ይጠይቃል፤ ከዚያ ፀጉራችሁንም፣ ጫማችሁንም፣ አብራችሁት የመጣችሁትንም ሰው በግጥም ያነሣዋል። ቢነካችሁ ሳቁ፤ የተቆጣ ሰው ሁለተኛ ዙር ይጨመርለታል። ግጥም ያለው ደግሞ ይሰጠዋል፣ እሱ ይቀበላል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ከጥጉ ሆነው እንዲህ ብለው ሰጡት፦

"ጣናማ ሞላልን ክረምቱ ሰጠና፣
ብርሌዬ ጎደለ ሙሉልኝ እንደገና።"

አስተናጋጇ ግጥሙ ሳያልቅ ነው የቀዳችላቸው። እንዲህ ያለ ቤት ስሙን አልጽፍም፤ ብጽፈው በሚቀጥለው ሳምንት መቀመጫ አላገኝም። በግል ለጠየቀኝ ሹክ እላለሁ።

በዓሉ የፍስክ ቀን ከዋለ ግን በዕለቱ ይህ ሁሉ ምክር አይሠራም። ጠዋት ካፌው ዝግ ነው፣ የጀበና ቡናዋ እመቤት ቤቷ ዶሮ እየበለተች ነው፣ ዓሣ አጥማጁም ታንኳውን ዳር ስቦ ነጭ ለብሷል። መንገዱ ላይ የምታገኙት ልጃገረዶችን ብቻ ነው፤ በጎጃም ወጉ እንደሆነው በዋዜማው የነቀሉትን እንግጫ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው በየቤቱ ሲያዞሩ። ሳንቲም ያዙ፣ "የለኝም" አይባልም።

የሰው ቤት ካልገባችሁ በዚያን ቀን ባሕር ዳር ላይ ጦማችሁን ታድራላችሁ። ስለዚህ ዘመድ የሌላችሁ ወዳጆቼ ከስድስት ሰዓት በኋላ እኛ ቤት ኑ። ኬክ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የእኛ ቤት ሐይቁ አይታይበትም። ዶሮው አንድ ነው፤ ፈረሰኛው ለአባቴ ነው፤ በቀረው ላይ መደራደር እንችላለን። ጠላው ግን ጋኑ እስከ አፉ ነው።