እማዬ መነጽሯን ስታወጣ

ሐዋሳ በሄድኩ ቁጥር አቶቴ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቻችን «ዶክተር ሆነሽ መጣሽ አሉ፤ እስኪ ይቺን ወገቤን እዪልኝ» ይሉኛል። ሐኪም አይደለሁም፣ የማስተምረው የጤና ፖሊሲና ሕግ ነው ስላቸው ዝም ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ሥራሽ ምንድነው?» ነው። በሁለት ቃል መልሼው አላውቅም። ዛሬ ልሞክር።

አሜሪካ የገባሁት በ1996 ዓ.ም. በዲቪ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራየን። የመጀመሪያ ሥራዬ እንደ ብዙ ሐበሻ ፓርኪንግ ነበር። ማታ የሰው መኪና እያቆምኩ፣ ቀን ኮሌጅ እማራለሁ። ከዚያ አንድ ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል ያዛል። እንግሊዝኛ ለማይችል በሽተኛ በነጻ አስተርጓሚ የሚቀርበው በዚህ የተነሳ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ከፓርኪንግ በሰዓት ሁለት ዶላር እንደሚበልጥ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ለቀዶ ጥገና መጡ። ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ አስረዳ፤ እኔ ተረጎምኩ። መጨረሻ ላይ «ፈቃደኛ ነዎት ወይ?» አልኳቸው። ወደ ጣሪያው ቀና አሉና «የእሱ ፈቃድ ይሁን» አሉኝ። ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «እሺ ማለታቸው ነው?» አለ።

ምን ልበለው? አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እሺ ብለው ይሆናል። ፈርተውም ይሆናል። አልገባኝም ማለት አፍረውም ይሆናል። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቱን አስጠጋላቸው፤ ፈረሙ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፤ ድነው ወጡ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያልለቀቀችኝ ያቺ ፊርማ ናት።

ሕግ ትምህርት ቤት የገባሁት በእሳቸው ምክንያት ነው። ከሕጉ ጋር የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ደረብኩበት። ስለ ብድሩና ስለ እንቅልፉ አላወራም፤ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚያ ሁለት ፍርዶች አነበብኩ። አንዱ የኒውዮርክ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1914። አንዲት ሴት ለምርመራ ብቻ እንድትደነዝዝ ተስማማች፤ ሐኪሞቹ ግን ዕጢዋን አወጡት። ዳኛው ካርዶዞ ለአካለ መጠን የደረሰና አእምሮው ጤነኛ የሆነ ሰው በገላው ላይ ምን እንደሚደረግ የመወሰን መብት አለው ብለው ጻፉ። የሚገርመው ሴትዮዋ ተረታች። ሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ስለነበር ተጠያቂ አይሆንም ተባለ። ቃሉ ግን ቀረ፤ እስካሁን ይጠቀሳል።

ሁለተኛው የዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ካንተርበሪ በሐኪሙ በስፔንስ ላይ የመሠረተው ክስ፣ እ.ኤ.አ. 1972። ከሳሹ ካንተርበሪ ሲታመም የ19 ዓመት ልጅ ነበር፣ ኤፍቢአይ ውስጥ ታይፒስት። ጀርባውን አመመው። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ሽባ ሊያደርግ እንደሚችል ሳይነግረው በ1959 ቀደደው። እናቱ ከዌስት ቨርጂኒያ በስልክ ስትጠይቅ፣ ከሌላው ቀዶ ጥገና የሚብስ አይደለም አላት። በቀዶ ጥገናው ማግስት ልጁ ከሆስፒታሉ አልጋ ወደቀ፤ ሰውነቱ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ፍርድ ቤቱ፣ በሽተኛ ሊወስን የሚችለው ማወቅ የሚገባውን ሲነገረው ነው አለ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እናትየው ዋሽንግተን የደረሰችው ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ነበር። የፈቃድ ወረቀቱን የፈረመችው ያኔ ነው። ተሠርቶ ላለቀ ነገር።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነው። በሽተኛ ሲፈርም ገብቶት ነው ወይ? ቋንቋው ሌላ ሲሆንስ? በዚህ ላይ እጽፋለሁ፣ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ጽሑፌን ሦስት መጽሔቶች መልሰውብኛል። ቋሚ መምህር ለመሆን 6 ዓመት ፈጀብኝ። (አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ኢንሹራንስ ነው። እሱን ሌላ ቀን።)

ባለፈው ክረምት እማዬን ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር አለ ተብላ ሐዋሳ አንድ ሆስፒታል አስተኛናት። እማዬ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። ነርሷ ወረቀት ይዛ ገባችና «ቤተሰብ ማነው? ይፈርም» አለች። እማዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ጋቢዋን ደርባ። ወረቀቱ በእሷ ላይ አልፎ ወደ እኔ መጣ። እኔም ተቀበልኩና ከነእስክሪብቶው ለታላቅ ወንድሜ አቀበልኩት።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያቀበልኩት። ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ ፈቃድ ሳስተምር የኖርኩት እኔ። ሰው ሲታመም ታላቅ ልጅ ይፈርማል፤ ስናድግ ያየነው እሱን ነው። እጄ ከእኔ በፊት ሄደ።

«የሚቀደደው እሱ ነው ወይስ እኔ?» አለች እማዬ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ወንድሜ እስክሪብቶውን መለሰላት። እማዬ ከቦርሳዋ መነጽሯን አወጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ወረቀቱን ከላይ ጀምራ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ «ሐኪሙን ጥሩልኝ» አለች።

የመጣው ወጣት ነው፤ ልጅ እግር። «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አላት።

«ጠጠሩን ብቻ ነው ወይስ ከረጢቱንም ነው የምታወጡት?»

«ከረጢቱንም ነው። እሱ ከቀረ ጠጠሩ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል።»

«ባላስወጣውስ?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሕመሙ ሊመላለስ እንደሚችል፣ ሊያመረቅዝም እንደሚችል ነገራት። አልፎ አልፎ በቀዶ ጥገናው ጊዜ የሐሞት ቱቦ እንደሚጎዳም አልደበቃት። ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሥሎ አሳያት። ሌሎች በሽተኞች በኮሪደሩ ይጠብቁታል፤ ከ10 ደቂቃ በላይ አብሯት ቆየ።

አገራችንም ሕግ የላትም እንዳትሉ። የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት ይችላል ይላል። ሲወጣ እማዬ የ5 ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። እማዬ አንብባው አታውቅም።

«ማታ አስቤበት ጠዋት እነግርሃለሁ፣ ልጄ» አለችው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስደርስ ነቅታ ጸሎቷን ጨርሳለች። ወረቀቱን ኮሞዲኖው ላይ አስቀምጣዋለች፤ ፈርማበታለች። ስሟን እስከ አያቷ፣ ቀኑንም ጭምር፣ በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትጽፍበት በነበረው ክብ ክብ ፊደል ጽፋዋለች።