በኤክስ የሚጀምር የአባት ስም

ጅማ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ስሠራ የገጠመኝ ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። ከዴዶ ሕፃን ልጇን አዝላ በማለዳ የመጣች እናት፣ ከእሷ በኋላ ካርድ ያወጡት ሁሉ ታይተው ሲወጡ ተመልክታ ወደ መስኮቱ ቀረበችና ለምን እንዳልተጠራች ጠየቀችኝ። ካርዷን ያገኘሁት ተጠርተው ካልቀረቡት ታካሚዎች ካርድ መካከል ነው። «ጆሮዬን ጥዬ ስሜን ሳዳምጥ ነበር የቆየሁት» አለችኝ። ካርዱን ራሴ ይዤ ወደ ምርመራ ክፍል አስገባኋት።

የአባቷ ስም ጣሃ ነው፤ በጅማ ዙሪያ ብዙ አባቶች የሚጠሩበት ስም ነው። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ሲጻፍ በኤክስ ስለሚጀምር ግን ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣው ወጣት ሠራተኛችን በእንግሊዝኛ ልማድ «ዛሃ» ብሎ ጠራው። የራሷ ስም የሚጀምረው በሲ ነበርና «ጨ» መባል የነበረበትን «ከ» አለው። በዚህ መንገድ ሁለቱም ስሞች የሌላ ሰው ሆኑ።

ጉዳዩን ለኃላፊያችን ሳቀርብ «ስሟ ሲጠራ ካልሰማች እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ።

«ስሟ አልተጠራም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሲመዘገቡ ሁሉም ሰው ሊያነበው በሚችል መንገድ ያስጽፉ።»

ይህ መልስ ከስህተቱ የበለጠ አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም ስሙን የጻፍነው እኛው ነን፣ የጻፍነውም በትክክል ነው። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆች የሚማሩበትና መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉበት የአፋን ኦሮሞ አጻጻፍ ስለሆነ፣ እዚህ ተቀምጦ ስም የሚጠራ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ኤክስ ምንጊዜም «ጠ» ነው፤ ሲ ብቻውን «ጨ»፣ ከኤች ጋር ሲሆን «ቸ» ነው፤ ኪው «ቀ» ነው፤ ኤንና ዋይ ተከታትለው ሲመጡ «ኘ» ይሆናሉ። ይህን ለማጥናት አንድ የሻይ ዕረፍት ይበቃል። በአገራችን ደግሞ ሁለተኛው ስም ከትውልድ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ መጠሪያ ሳይሆን የአንድ ሰው፣ የአባት ስም ነው፤ ልጅን በሰው ፊት አባቷ ባልሆነ ስም መጥራት ቀላል ነገር አይደለም።

ወጣቱ ከኃላፊው ይልቅ ነገሩ ገብቶት በዚያው ቀን ከሥራ በኋላ አስተምሪኝ አለኝ። ፊደላቱን በወረቀት ጽፈን መስኮቱ አጠገብ ለጠፍነው፤ ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ንጹሕ መሆን አለበት ተብሎ እንዲነሣ ታዘዘ። ወጣቱ ግን አንብቦ ከመጥራት በፊት ሲመዘግብ ባለቤቱን «ስምዎን ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ፣ የሰማውንም በካርዱ ጥግ በእርሳስ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ጀመረ።

ያስቸገረው ዲ እና ኤች አብረው የሚሰጡት ድምፅ ነው። ምላስን ወደ ላንቃ መልሶ አየርን ወደ ውስጥ መሳብ ይጠይቃል፤ ለዚህም ዸ የሚባል ፊደል እያለ በአማርኛ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ «ደ» ተብሎ ይታለፋል። ዹጉማ የሚለውን ስም መጀመሪያ «ድሁጉማ»፣ ኋላም «ዱጉማ» ብሎ ጠራው። ወንበሩ ላይ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ያርሙታል፤ እሱም እንደገና ይጠራል።